መጋዝና ባሕር ዛፍ፦ የማገዶ አቆራረጥ በወልድያና በሐብሩ

መጋዝ የሚመረጠው በእንጨቱ ነው። በወልድያ ዙሪያ፣ በመርሳና በሐብሩ ገጠር ማገዶ ሲባል በአብዛኛው ባሕር ዛፍ ማለት ነው። በዳግማዊ ምኒልክ ዘመን ከገቡት ዓይነቶች ነጩ ደጋውን ሲመርጥ ቀዩ ሞቃቱንና ዝቅ ያለውን መሬት ይችላል። ቀጥ ያለው አጣና ሆኖ ለቤት ሥራ ስለሚሸጥ ለእሳት የሚቀረው ጠማማው፣ ቀጭኑና የቆየው ጉቶ ነው። የማገዶ ቆራጭ ሥራ እንግዲህ ከሁሉ አስቸጋሪውን እንጨት መጋፈጥ ነው፤ ትልቅ መጋዝ ሁልጊዜ ጥሩ መጋዝ የማይሆነውም ለዚህ ነው።

ውፍረቱ ከክንድ ላልበለጠ እንጨት በብረት ቱቦ ላይ የተወጠረው የእጅ መጋዝ ይበቃል። ቤንዚን አይጠይቅም፣ አይጮኽም፣ ጥርሱ ሲደነዝዝ ምላጩን መቀየር ነው። የሞተር መጋዝ ዋጋውን የሚያወጣው ግንዱ ከጭን ሲወፍር ወይም ሥራው ሲበዛ ነው።

የሞተር መጋዝ ታሪክ አጭር ነው። ጀርመናዊው አንድሬአስ ስቲል ሽቱትጋርት ላይ በ1926 እ.ኤ.አ. በኤሌክትሪክ የሚሠራ መጋዝ አወጣ፤ በቤንዚን የሚሠራው ከጥቂት ዓመታት በኋላ ተከተለ። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሰው የሚሸከማቸው ከባድ ማሽኖች ነበሩ። ከሞተሩ ይልቅ ሥራውን የለወጠው ግን ጥርሱ ነው። አሜሪካዊው እንጨት ቆራጭ ጆ ኮክስ በ1946 እ.ኤ.አ. አንድ የጥንዚዛ ትል እንጨቱን ወደ ግራም ወደ ቀኝም እየበላ ሲሄድ አይቶ ያንኑ የሚመስል ሰንሰለት ሠራ። ዛሬ በየመጋዙ ላይ የሚዞረው ጥርስ የዚያ ዝርያ ነው።

ለማገዶ ከ40 እስከ 50 ሲሲ የሆነ ሞተር፣ ሰንሰለቱ የሚዞርበት ብረት ደግሞ ከ35 እስከ 45 ሳንቲ ሜትር ቢሆን ይበቃል። ብረቱ በረዘመ ቁጥር ሞተሩ ብዙ ጥርስ ይጎትታል፣ ጫፉም አፈር ይነካል። በርካሽ የሚሸጡት ብዙዎቹ 58 ሲሲ ተብለው ይቀርባሉ፤ በወረቀት ላይ ያለው ጉልበት ግን እጅ ላይ የሚገኘው ላይሆን ይችላል። ገዢው ከቁጥሩ ይልቅ መለዋወጫና ሰንሰለት በቅርብ መገኘቱን ቢጠይቅ ይሻለዋል።

በዚህ አገር ከፍታው ራሱ ሞተሩን ይፈትናል። መርሳ ከባሕር ወለል በላይ 1,600 ሜትር ገደማ፣ ወልድያ 2,000 ሜትር ገደማ ላይ ናቸው፤ በድልብ በኩል ወደ ጋሸና ሲወጣ 3,000 ሜትር ይጠጋል። አየሩ ሲሳሳ ሞተር በየ100 ሜትሩ ከጉልበቱ 1 በመቶ ያህል ያጣል። ወልድያ ላይ አንድ አምስተኛው፣ ጋሸና ላይ ወደ ሲሶ የሚጠጋው የለም ማለት ነው። ካርቡሬተሩ ደግሞ ለዝቅተኛ ቦታ የተስተካከለ ከሆነ የለመደውን ያህል ቤንዚን መስጠቱን ይቀጥላል፤ ሞተሩ ይታፈናል፣ ያጨሳል፣ ካንዴላው ይጠቁራል። መፍትሔው የቤንዚኑን ብሎን በካቻቪቴ ጥቂት ማጥበቅ ነው። ደጋ ላይ ብሎኑ የጠበቀ መጋዝ ቆላ ሲወርድ ግን ብሎኑ መልሶ መላላት አለበት። የሁለት ምት ሞተር ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ስለሆነ ቤንዚን ሲያንሰው ዘይትም ያንሰዋል፤ ፒስተኑ ይነክሳል። ድብልቁን በግምት ማድረግም ሞተር ይገድላል። 1 ለ50 የሚል መጋዝ ለአንድ ሊትር ቤንዚን 20 ሚሊ ሊትር ዘይት፣ 1 ለ25 የሚል ደግሞ 40 ሚሊ ሊትር ይፈልጋል። ለሰንሰለቱ ከመኪና የወጣ የተቃጠለ ዘይት መሙላት የተለመደ ቁጠባ ቢሆንም በውስጡ ያለው የብረት ብናኝ ፓምፑን ይበላል።

ሁለት መጋዞች ሲወዳደሩ ብዙ ጊዜ የሚወዳደረው ስለታቸው ነው። የተሳለ አነስተኛ መጋዝ ከዱልዱም ትልቅ መጋዝ ቀድሞ ግንድ ይጥላል። ምልክቱ ፍቅፋቂው ነው፦ ስል ሰንሰለት ፍርፋሪ ይተፋል፣ የደነዘዘው ዱቄት። መሳያው ክብ ሞረድ ሲሆን እንደ ሰንሰለቱ 4.8 ወይም 5.2 ሚሊ ሜትር ይሆናል። ወደ 30 ዲግሪ አዘንብሎ ወደ ፊት ብቻ ይገፋል፤ እያንዳንዱ ጥርስ እኩል ጊዜ ይሞረዳል። የአንዱ ጎን ጥርስ ካጠረ መጋዙ ወደ ጎን እየተጠመዘዘ ይገባል፤ ቆራጩ ግን ጥፋቱን እንጨቱ ላይ ያደርጋል። ቀዩ ባሕር ዛፍ በደረቀ ጊዜ፣ ቅርፊቱም አቧራ በጠጣ ጊዜ ስለት ቶሎ ይሞታል። በአጥር የቆመ ዛፍ ደግሞ ሚስማርና ሽቦ ውጦ ሊሆን ስለሚችል ከመቁረጥ በፊት ዙሪያውን ማየት ግድ ነው።

ባሕር ዛፍ ሲያድግ በውስጡ ውጥረት ያጠራቅማል፤ ሲቆረጥ ጫፉ የሚሰነጠቀው፣ መጋዙንም ቆንጥጦ የሚይዘው ለዚህ ነው። ሁለት ጫፉ የተደገፈ ግንድ በመጀመሪያ ከላይ ሲሶው ያህል ተቆርጦ ቀሪው ከታች ይጨረሳል። አንድ ጫፉ የተንጠለጠለው በተቃራኒው ከታች ይጀመራል። የብረቱ ጫፍ የላይኛው ክፍል እንጨት ከነካ መጋዙ ወደ ቆራጩ ፊት ይፈናጠራል፤ ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው።

የተቆረጠውን ፍልጥ ማድረግ አሁንም የፋስና የሽብልቅ ሥራ ነው። ባሕር ዛፍ እርጥብ እያለ ቢፈለጥ ይቀላል፤ ከደረቀ ክሩ ተጠላልፎ ፋሱን ይይዛል። መሐሉን ከመምታት ከዳር እየገመጡ መግባት ይበጃል፤ ጉጥ ያለበት ወገን ወደ ታች ይሁን። ትኩስ እንጨት ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውሃ ሊሆን ይችላል፤ የእሳቱ ኃይል ከፊሉ አስቀድሞ ያን ውሃ በማትነን ያልቃል። 20 በመቶ ያህል እርጥበት የቀረው አንድ ኪሎ ፍልጥ 15 ሜጋ ጁል አካባቢ ሙቀት ሲሰጥ ትኩሱ ከ8 ብዙ አያልፍም። ክረምቱ ሲወጣ የተፈለጠ እንጨት የበልግ ዝናብ ሳይደርስ ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ነፋስ እንዲገባው ተላልፎ፣ ላዩ ብቻ ተከድኖ ሊደርቅ ይችላል።

ርዝመቱን የሚወስነው ምድጃው ነው። ለሦስት ጉልቻ ረጅም ፍልጥ እየተገፋ ይነዳል። ምርጥ የሚባለው የእንጀራ ምድጃ ግን አፉ ጠባብ ስለሆነ አጭርና ቀጭን ፍልጥ ይጠይቃል፤ ቆራጩም ግንዱን መሬት ላይ ሳለ በዚያው ልክ ቢያሳጥረው በኋላ ቤት ውስጥ በገጀራ ከመታገል ይተርፋል።