የተዘለለው መንገድ፤ ጥንታዊት ቻይና በልጆች የታሪክ ትረካ

ስለ ጥንታዊት ቻይና ለልጆች የሚጻፉ ትረካዎች አብዛኛውን ጊዜ የሚያተኩሩት ወረቀት፣ ኅትመት፣ ባሩድና ኮምፓስ በሚል ዝርዝር ላይ ነው። ዝርዝሩ ሐሰት አይደለም። ጉድለቱ ከትረካው አወቃቀር ላይ ይመስለኛል።

የወረቀትን ታሪክ ለአብነት እንውሰድ። በተለመደው ትረካ ዋናው ገጸ ባሕርይ ጻይ ሉን የተባለው የቤተ መንግሥት ሹም ነው፤ እ.ኤ.አ. በ105 ወረቀትን «ፈለሰፈ» ይባላል። ይሁን እንጂ በጋንሱ ግዛት፣ ፋንግማታን ከተባለ ስፍራ የተገኘው ቁራጭ ወረቀት ከእርሱ ከ200 ዓመት በላይ ይቀድማል። ጻይ ሉን ከዛፍ ልጥ፣ ከአሮጌ ጨርቅና ከዓሣ መረብ የሚሠራበትን ዘዴ አሻሽሎ ለንጉሠ ነገሥቱ አቀረበ። ትረካው ብቸኛ ጀግና ሲፈጥር፣ ዕውቀት የብዙ እጆች ሥራ መሆኑ ከልጁ ይሰወራል።

ሁለተኛው ጉድለት መንገዱ መዘለሉ ነው። ወረቀት አውሮጳ የደረሰው በሳማርካንድና በባግዳድ አልፎ ነው፤ ትረካው ግን ከጻይ ሉን በቀጥታ ወደ ጉተንበርግ ይሻገራል። ፍራንሲስ ቤከን እ.ኤ.አ. በ1620 ኅትመት፣ ባሩድና ኮምፓስ የዓለምን ገጽታ እንደለወጡ ሲጽፍ፣ መነሻቸው ግን ስውር ነው ብሎ ነበር። መንገዱ ሲረሳ ባለቤቱም ይረሳል።

ለእኛ ልጆች መንገዱ በቋንቋቸው ውስጥ አለ። «ወረቀት» የሚለው ቃል ወደ አማርኛ የገባው ከዐረብኛ ነው፤ በዚያም ቃሉ ቅጠል ማለት ነው። መምህሩ ቃሉን በሰሌዳ ጽፎ «ከየት መጣ?» ቢል ትምህርቱ ተጀመረ ማለት ነው። በእኔ እምነት ልጁ ስም ከሚሸመድድ ይልቅ ይህን ጥያቄ ቢለምድ ይበልጥ ይጠቀማል።