ከአርማው በታች

ቤዝ ጊታር ተጫዋቾች ሲገናኙ ወሬው ብዙም ሳይቆይ ወደ ዕቃ ይዞራል። አንዱ ፌንደሩን ሸጦ ሙዚክ ማን ሊገዛ ያስባል። ሌላው ሙዚክ ማኑን ትቶ ወደ ጂ ኤንድ ኤል ተሻግሯል። ሦስተኛው ደግሞ «እኔ ከፌንደር ንቅንቅ አልልም» ይላል። ክርክሩ ሲጋጋል የሚረሳው፣ የሦስቱም መሣሪያ ንድፍ የወጣው ከአንድ ሰው ጠረጴዛ መሆኑ ነው።

ሊዮ ፌንደር ካሊፎርኒያ ውስጥ፣ ፉለርተን በምትባል ከተማ ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር። ጊታር መጫወት ዕድሜ ልኩን አልቻለም። በስሙ የሚጠራውን ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1965 ለሲቢኤስ በ13 ሚሊዮን ዶላር ሸጠ (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም በዚሁ አቆጣጠር ናቸው)። በ1976 ስቲንግሬይ የተባለው ቤዝ በሙዚክ ማን ስም ወጣ። በ1980 ደግሞ ኤል-2000 በጂ ኤንድ ኤል ስም ተከተለ። ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄድ ሰው አርማውን እንጂ ንድፍ አውጪውን አልለወጠም። ድምፁ ግን በእርግጥ ይለያያል፤ ለምን እንደሚለያይ ለማወቅ ማስመሪያና ብሎን መፍቻ ይበቃል።

ከፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ እንነሣ። በ1951 መገባደጃ ለገበያ ሲቀርብ፣ ቤዚስት ማለት ከራሱ ቁመት የሚበልጥ ኮንትሮባስ ተሸክሞ የሚዞር ሰው ነበር። የኮንትሮባስ ክር የሚርገበገብበት ርዝመት 105 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ፌንደር 34 ኢንች አደረገው፤ 86.4 ሴንቲ ሜትር መሆኑ ነው። በጣም ካጠረ ወፍራሙ ክር ይላላል። በጣም ከረዘመ የግራ እጅ ጣቶች ይቸገራሉ። አንገቱ ላይ 20 ፍሬቶች፣ ማለት ኖታ የሚለዩ የብረት መስመሮች፣ አሉ። የመጀመሪያው ከክሩ መነሻ 48.5 ሚሊ ሜትር ይርቃል፤ ሁለተኛው ከመጀመሪያው 45.7። አሥራ ሁለተኛው ጋ ሲደረስ ክፍተቱ 25.7 ብቻ ነው። ስሌቱ አንድ ነው፦ የቀረው የክር ርዝመት በየጊዜው ለ17.817 ይካፈላል፤ የሚገኘው ቁጥር እስከሚቀጥለው ፍሬት ያለው ርቀት ነው። ይህ በመጋዝ ከተቆረጠ በኋላ ስሕተት ቢገኝ ቅኝት አያስተካክለውም።

አንገቱ ወጥ ሜፕል ነው። አራቱ ክሮች ሲወጠሩ በአንድነት ከ70 ኪሎ በላይ ይስባሉ፤ እንጨቱ ብቻውን ቢተው ይጎብጣል። ስለዚህ ውስጡ የብረት ዘንግ ተቀብሯል። ዘንጉ የገባው ከጀርባ በተቦረቦረ ቦይ ነው፤ ቦዩም በዎልነት እንጨት ተደፍኗል። በነጣው ሜፕል ጀርባ ላይ የምትታየው ጠቆር ያለች መስመር እሷ ናት። ጌጥ የምትመስለው ሰው ብዙ ነው። አንገትና አካል የተያያዙት በአራት ብሎን ነው፤ ሙጫ የለም። ሥራው ጥሩ ሲሆን በመጋጠሚያው ዳር ወረቀት አይገባም። ዋጋ ሳልጠይቅ በፊት የማየው ይህን ነው።

የክሩን ንዝረት ወደ ኤሌክትሪክ የሚለውጠው ፒካፕ ላይ ግን ቆም ማለት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተሠራው አንድ ጥቅል ሽቦ ነበር፤ በእያንዳንዱ ክር ሥር አንድ ማግኔት ቆሟል። ሁለት ችግር ነበረበት። አንደኛ፣ ነጠላ ጥቅል የክሩን ድምፅ ብቻ አይሰማም፤ የቤቱን ኤሌክትሪክም ይለቅማል። አሜሪካ ውስጥ ጉርምርምታው 60 ሄርዝ ነው፤ አዲስ አበባ 50። የኢ ክር ሦስተኛው ፍሬት ላይ ሲያዝ 49 ሄርዝ ይሰጣል፤ ስለዚህ እኛ አገር ጉርምርምታው ከዝቅተኛው ጂ ኖታ ጎን ተቀምጦ ያስቸግራል። ሁለተኛ፣ ክሩ የሚወዛወዘው ልክ በማግኔቱ አናት ላይ ስለሆነ የምቱ መነሻ ይሾላል።

በ1957 ጥቅሉ ለሁለት ተከፈለ። አንዱ ግማሽ ከኢና ከኤ ክር ሥር ሆነ፤ ሌላው ከዲና ከጂ ሥር። ለአንድ ክር ሁለት ማግኔት ተመደበለት፤ ክሩም በመካከላቸው ያልፋል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም ቢወዛወዝ ወደ አንዱ ይቀርባልና ድምፁ አይሳሳም፣ ምቱም ይለዝባል። ሽቦው ስድስት መቶኛ ሚሊ ሜትር ገደማ የሚወፍር መዳብ ነው። በየግማሹ 10,000 ዙር ያህል ይጠቀለላል። ትልቁ ብልሃት ከዚህ በኋላ ይመጣል። የአንደኛው ግማሽ ማግኔቶች ሰሜናቸው ወደ ላይ ነው፤ የሌላኛው ደቡባቸው። የሽቦው አቅጣጫም እንዲሁ ተገልብጧል። ከውጭ የሚገባው ጉርምርምታ በሁለቱም በኩል ይገባና ተቃራኒ ሆኖ እርስ በርሱ ይጠፋፋል። የክሩ ድምፅ ግን አይጠፋም፤ እያንዳንዱ ክር ያለው በአንዱ ግማሽ ላይ ብቻ ስለሆነ የሚያጠፋው ተቃራኒ የለውም። በዚህም ሁለቱም ችግር ተፈታ።

ሁለቱ ግማሾች ጎን ለጎን አልተሰለፉም። የወፍራሞቹ ክሮች ግማሽ ወደ አንገቱ ቀርቧል፤ የቀጭኖቹ ክሮቹ ወደሚያልቁበት ብሪጅ። ወደ አንገት ሲቀረብ ድምፁ ይከብባል፣ ወደ ብሪጅ ሲቀረብ ይከርራል። አንዳንድ ሠሪዎች በኋላ ቅደም ተከተሉን ገለበጡት፤ ወፍራሙ ክር ይጥራ፣ ቀጭኑ ይወፍር ብለው። በሐሳብ ደረጃ ትክክል ናቸው። ጆሮዬ ግን የፊተኛውን ይመርጣል።

ስቲንግሬይ ላይ ፌንደር ሌላ መንገድ ሄደ። ፒካፑን ወደ ብሪጁ አስጠጋው። ሁለት ጥቅል በአንድ ቤት ውስጥ አደረገና ወፋፍራም ማግኔቶች በሁለት ረድፍ አቆመበት። ከአካሉ ውስጥ ባለ 9 ቮልት ባትሪና ትንሽ ማጉያ ሰርኪዩት አስገባ። ከፕሪሲዥን ወደ ስቲንግሬይ የሚሻገር ሰው የሚሰማው ጥራትና ጥፍር ያለው ምት ከዚህ የመጣ ነው፤ ፒካፑ ከክሩ ላይ የሚያነበው ቦታ ተለውጧል።

ክሩ ራሱስ? የሞታውን ሙዚቃ ኩባንያ ቤዚስት ጄምስ ጄመርሰን በ1962 ፕሪሲዥኑ ላይ ያደረገው ጠፍጣፋ ክር ነበር። መካከሉ የብረት ሽቦ ነው፤ ላዩ ላይ እንደ ጥብጣብ ጠፍጣፋ የሆነ ብረት ተጠምጥሞበታል። ጣት ሲንሸራተትበት አይፋጭም፣ ድምፁም ቶሎ ይከደናል። ክሩ ካልተበጠሰ አይቀይረውም ነበር። በብሪጁ ክዳን ሥር ስፖንጅ ነበረ፤ የሚመታውም በቀኝ እጁ ጠቋሚ ጣት ብቻ ነው። በ1966 ሮቶሳውንድ የተባለው የእንግሊዝ ኩባንያ ከዘ ሁ ባንድ ቤዚስት ከጆን ኢንትዊስል ጋር ሠርቶ ያወጣው ክር ደግሞ የሚጠመጠምበት ሽቦ ክብ ነው፤ ላዩ ሻካራ፣ ድምፁ ፒያኖ የሚነካካ። ሁለቱን ክር በአንድ ጊታር ላይ አፈራርቆ የሰማ ሰው ጊታር ለመሸጥ አይቸኩልም።

ሻካራው ክር እንጨት ይበላል። ቤዚስቱ ጃኮ ፓስቶሪየስ የ1962 የፌንደር ጃዝ ቤዙን ፍሬት አወጣ፤ የተተዉትን ስንጥቆች ደፈነ፤ ከዚያ የጣት ሰሌዳውን ለጀልባ በሚሠራ ኢፖክሲ ቀባው። ጠንካራው ልባስ እንጨቱን ከክሩ ጠበቀው። ከዚያ በላይ ግን ድምፁን ሠራው። ፍሬት በሌለበት ክሩ ሰሌዳውን በጣም በዝቅተኛ ማዕዘን ይነካል፤ እየተርገበገበ ደጋግሞ ይዳስሰዋል። ኖታው ከተመታ በኋላ የሚያብበው በዚህ ነው። በበገና በአውታሩና በበርኩማው መካከል የምትገባዋ ቁራጭ ቆዳ፣ እንዚራ፣ የምትሠራው ሥራ የዚህ ዘመድ ነው፦ ክሩ ባዶ አየር ላይ አይተውም፣ በጭንቅ የሚነካው ነገር ይሰጠዋል።

አምፕሊፋየር ላይ የማደንቀው አምፔግ ቢ-15 ነው። የአምፔግ መሥራች ኤቨረት ሃል ራሱ ቤዚስት ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራውም በኮንትሮባስ የታችኛው እግር ውስጥ ማይክሮፎን መክተት ነበር። ቢ-15ን በ1960 የነደፈው ጄስ ኦሊቨር ነው። ሣጥኑ ውስጥ ባለ 15 ኢንች አንድ ስፒከር አለ። ማጉያው የታሰረው ከሣጥኑ ክዳን ላይ ነው። ሊጫወቱ ሲሉ ክዳኑ ይገለበጣል፣ የማጉያው ቫልቮች ወደ ላይ ይቆማሉ፣ ሙቀታቸውም ይወጣል። ሥራ ሲያልቅ መልሰው ይገለብጡታል፤ ቫልቮቹ ሣጥኑ ውስጥ ተንጠልጥለው ከምት ተጠብቀው ይጓዛሉ። አንዱ ሰሌዳ ክዳንም መደርደሪያም መከላከያም ሆነ ማለት ነው። በክዳኑ ዙሪያ የጎማ ማኅተም አለ፤ አየር ካፈተለከ ዝቅተኛው ድምፅ አብሮ ይሄዳልና። የፊቱ ሰሌዳ ድርብ ነው። ኃይሉ መጀመሪያ 25 ዋት ነበር፤ ለስቱዲዮ የሚተርፍ፣ ከበሮ መቺው ሲበረታ የሚያንስ። እንዲህ ያለውን አሮጌ አምፕ ከዋሽንግተን አዲስ አበባ ያስመጣ ሰው 220ውን ወደ 110 የሚያወርድ ትራንስፎርመር ሳይገዛ እንዳይሰካው።

ሃል ኩባንያውን ከለቀቀ በኋላ፣ በ1969፣ ኤስ ቪ ቲ የተባለው የአምፔግ አምፕ መጣ። 300 ዋት፣ 14 ቫልቭ፣ ማጉያው ብቻ 40 ኪሎ ገደማ። የሚታወቅበት ሣጥን ባለ 10 ኢንች ስምንት ስፒከሮች ይዟል። ከውጭ አንድ ሣጥን ቢመስልም ውስጡ አራት ክፍል ነው፤ በየክፍሉ ሁለት ስፒከር ተዘግቶበታል። የታፈነው አየር እንደ ሞላ እየገፋ ስፒከሩን ይመልሰዋል።

ዛሬ የ500 ዋት ማጉያ ትከሻ ላይ በሚንጠለጠል ቦርሳ ይገባል፤ ትራንዚስተሮቹ በሰከንድ በመቶ ሺዎች ጊዜ እየበሩና እየጠፉ ስለሚሠሩ ብዙ ሙቀት አያባክኑም። ሣጥኑ ግን አልተከተለውም። የኢ ክር 41.2 ሄርዝ ነው፤ የድምፅ ሞገዱ ርዝመት 8.3 ሜትር። ትንሽ ሣጥን፣ ዝቅተኛ ድምፅ፣ ከጥቂት ዋት ብዙ ጉልበት፤ ከሦስቱ ሁለቱን ብቻ ማግኘት ይቻላል። የስፒከሩ ማግኔት ኒዮዲሚየም ሲሆን ክብደቱ ይቀንሳል፣ የሣጥኑ ስፋት ግን ያው ነው። አምፕ ለመለወጥ የሚከራከሩ ሰዎች ከዋቱ ይልቅ እዚህ ላይ ቢቆዩ ደስ ይለኛል፦ ባለ 12 ኢንች አንድ ስፒከር ነው ወይስ ባለ 10 ኢንች አራት፣ አዳራሹ ምን ያህል ነው፣ ሣጥኑስ በየትኛው መኪና ይጫናል?