በአንድ እጅ የተለኩ 2,524 የራስ ቅሎች

ግንባር ከአፍንጫ አጥንት በሚጋጠምበት ስፌት መሃል ለመሃል፣ የራስ ቅል መለኪያው የካሊፐሩ ጫፍ የሚያርፍበት አንድ ነጥብ አለ። በሕፃንነት እርግብግቢት በነበረበት ቦታ፣ ሦስት አጥንቶች በሚገናኙበት፣ ሌላ አለ። አጥንቱ ላይ ግን ነጥቡን የሚያሳይ ምልክት የለም። ስፌቱ ይጠማዘዛል፤ በሽማግሌ ራስ ላይ ጨርሶ ሊጠፋም ይችላል። ሁለት ጠንቃቃ ሰዎች ያንኑ ርቀት ለክተው በሚሊሜትር ይለያያሉ። ሕዝብን ከሕዝብ የሚለየው አማካይ ልዩነትም ብዙ ጊዜ ጥቂት ሚሊሜትር ነውና፣ የለኪዎች ልዩነት የሕዝቦች ልዩነት መስሎ ቁጭ ይላል።

የሃርቫርዱ አንትሮፖሎጂስት ዊልያም ሃዌልስ ለዚህ ያገኙት መፍትሔ አድካሚ ነበር፤ ሁሉንም ራሳቸው ለኩ። ከ1965 እስከ 1980 እ.ኤ.አ. ከሙዚየም ሙዚየም እየዞሩ፣ ከ28 ሕዝቦች 2,524 የራስ ቅሎች፣ እያንዳንዱን በ57 ዓይነት ልኬት። ሲባዛ ከ140 ሺህ በላይ ቁጥር ነው። ባለቤታቸው ሙሪየል አብረዋቸው እየተጓዙ ይመዘግቡ ነበር። የኦስሎው፣ የጊዛው፣ የማሊ ዶጎኑ፣ የኢስተር ደሴቱ ሁሉ በአንድ ዓይን ታየ፣ በአንድ እጅ ተለካ። ይህን ያህል ድካም የፈሰሰበትን መዝገብ ደግሞ ለሚፈልግ ሁሉ በነፃ ሰጡ። ከሥራቸው ሁሉ እኔ አብልጬ የማደንቀው ይህን ነው።

የራስ ቅል የመለካት ሙያ ክፉ ታሪክ አለው። በ19ኛው መቶ ዘመን የፊላዴልፊያው ሳሙኤል ሞርተን የራስ ቅሎችን በተክል ዘርና በእርሳስ እንክብሎች እየሞሉ፣ በያዙት መጠን ሕዝቦችን የበላይና የበታች ብለው ደረደሩ። ሃዌልስ በ1989 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ሥራ ትልቅነትንና ትንሽነትን በስሌት አውጥተው ቅርጹን ብቻ አነጻጸሩ። ከዚያው መዝገብ የወጣው ትልቁ ግኝትም የሞርተንን ድርድር ያፈርሳል፦ በአንድ ሕዝብ አባላት መካከል ያለው ልዩነት በሕዝቦች መካከል ካለው ይበልጣል።

ዛሬ ማንነቱ ያልታወቀ አጽም ሲገኝ የፎረንሲክ ባለሙያው ልኬቱን ፎርዲስክ ለተባለው የኮምፒውተር ፕሮግራም ይሰጣል። ሪቻርድ ጃንትስና ስቲቨን አውስሊ በቴነሲ ዩኒቨርሲቲ የሠሩት ነው፤ የመጀመሪያው እትም በ1993 እ.ኤ.አ. ወጣ። ከራሱ የፎረንሲክ መዝገብ ሌላ የሃዌልስን ቁጥሮችም ይዟል። ፕሮግራሙ ቅሉ ለየትኛው ቡድን እንደሚቀርብ ይናገራል፤ ጥበቡ ያለው ግን አብረው በሚወጡት ሁለት ቁጥሮች ላይ ነው። አንደኛው «ከእነዚህ ቡድኖች የአንዱ መሆኑ ከተረጋገጠ፣ የትኛው ይሆናል?» ለሚለው ይመልሳል። ሁለተኛው ጨዋ ነው፤ «ለመሆኑ ይህ ቅል የዚያን ቡድን አባላት ይመስላልን?» ብሎ ይጠይቃል። የመጀመሪያው ከፍ ብሎ ሁለተኛው ወደ ዜሮ ከወረደ፣ ጥሩ ባለሙያ የቡድን ስም አይጽፍም።

ይህ እኛንም ይነካናል። በሃዌልስ መዝገብ ከአፍሪካ ያሉት አምስት ናቸው፦ የኬንያ ታይታ፣ ዶጎን፣ ዙሉ፣ የደቡብ አፍሪካ ሳን እና የጥንት ግብፃውያን። ከኢትዮጵያ ማንም የለም። በስደት መንገድ ላይ የወደቀ ኢትዮጵያዊ ቅል በዚህ መዝገብ ቢለካ፣ ስሌቱ ከአምስቱ ወደ አንዱ፣ ወይም ባሕር ተሻግሮ ወደ ሌላ ሕዝብ ይጎትተዋል፤ የመጀመሪያው ቁጥርም ከፍ ሊል ይችላል። ስለዚህ እንዲህ ያለ ቅል ጠረጴዛው ላይ ሲቀርብ፣ ባለሙያው ከሁሉ በፊት ሊመለከት የሚገባው ሁለተኛውን ቁጥር ነው።