«ድመት ወፍ» ስለሚለው ስያሜ

የባዕድ ስም ወደ አማርኛ ሲመለስ ቃሉ ተተርጕሞ ነገሩ ሳይመረመር የሚቀርበት ጊዜ ጥቂት አይደለም። ለዚህ ጕድለት ምሳሌ እንዲሆነን በእንግሊዝኛ «አቢሲኒያን ካትበርድ» የምትባለውን፣ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር የማትገኘውን ዘማሪ ወፍ እንመለከታለን።

ስሙን ቃል በቃል የሚከተል ተርጓሚ «የሐበሻ ድመት ወፍ» ማለቱ አይቀርም። ይህ ስያሜ በእኛ አስተያየት አሳሳች ነው። «ካትበርድ» መባል የሚገባው እንደ ድመት ለሚጮኸው ለሰሜን አሜሪካው ወፍ ነው። የእኛዋ ወፍ ስሙን የወረሰችው በግራጫ መልኳና ከጅራቷ ሥር ባለው ቀይ ቡናማ ላባ ስለምትመስለው ሳይሆን አይቀርም። ድምፅዋ ግን ጥርት ያለ፣ ከሩቅ የሚሰማ ዜማ ነው። ከዚህም በላይ ሁለቱ ወፎች የተለያዩ አስተኔዎች ናቸው።

ምደባም ቢሆን ለስም ጽኑ መሠረት አይሆንም። ይህችን ዝርያ እ.ኤ.አ. በ1843 ለሳይንስ ያስተዋወቃት ፈረንሳዊው ጌራን ሜንቪል ነው፤ የዝርያ ስሟም ኢትዮጵያን ለጐበኘው ለጋሊኒዬ መታሰቢያ ሆኗል። ከዚያም እንግሊዞች «ባብለር»፣ ማለትም ለፍላፊ፣ ከሚሏቸው ወፎች ጋር ለረጅም ዘመን ተቈጠረች። በኋላ የዲ.ኤን.ኤ. ምርመራ ሲልቪዴ ወደተባለው አስተኔ አዛወራት። ቀድሞ «ለፍላፊት» ብለናት ቢሆን ኖሮ ዛሬ ስሙን መሰረዝ ግድ ይሆንብን ነበር።

«የወፍ ዐይነት» ብሎ ማለፍም መፍትሔ አይደለም፤ እንዲህ ያለው ፍች ወፊቱን ከቆቅም ከርግብም አይለይም። ስለዚህ ፍቹ እንዲህ ቢሆን እንመርጣለን፦ «በኢትዮጵያ ደጋ፣ በጽድ፣ በኮሶና በአስታ ደን የምትኖር፣ የጽድ ፍሬና ነፍሳት የምትመገብ፣ ግንባሯ ነጣ ያለ ግራጫ ዘማሪ ወፍ።»

ዐቢዩን ቃል ግን በጽሕፈት ቤት ተቀምጠን ባንፈጥረው ይበጃል። በባሌ ኦሮምኛ ተናጋሪው፣ በሌላውም ደጋ የደን ዳር ገበሬው ወፊቱን ምን ብሎ እንደሚጠራት አስቀድሞ ይጠየቅ፤ የተገኘውም ስም ከነቦታውና ከነቋንቋው ይመዝገብ። ደኑ ተቈርጦ ባለቀበት አካባቢ ወፊቱ መኖሪያዋን ታጣለች፤ የማያያትም ትውልድ ስሟን አያስታውስም። ያን ጊዜ «ድመት ወፍ» ከማለት በቀር ሌላ አማራጭ አይኖረንም።