ከፎርማት በኋላ ያለው ሥራ

ዊንዶውስ መጫን ድሬዳዋ ውስጥ እንደ ሙያ መቆጠር ካቆመ ቆይቷል። ቡት የሚያደርግ ፍላሽ ያለው የሰፈር ልጅ ሁሉ ይጭነዋል። የጠጋኝ ሥራ የሚጀምረው ከዚያ በኋላ፣ ባለቤቱ ላፕቶፑን አቅፎ «አቦ፣ ድምፁ የለም! ዋይፋዩም ጠፍቷል» እያለ ሲመለስ ነው። ታይዋን ገበያ አካባቢ ጥገና ላይ የምንውል ሰዎች ይህን አቤቱታ በየጊዜው እንሰማለን። አብሮትም «ፎርማት ሲደረግ ተቃጠለ» የሚል ፍርድ ይመጣል።

ፎርማት የድምፅ ካርድ አያቃጥልም። ለሚጠይቀኝ ሰው የማነሳለት የከተማችንን ባቡር ነው። እ.ኤ.አ. በ1902 ድሬዳዋ የደረሰው የድሮው ሐዲድ ስፋቱ 1 ሜትር ነበር፤ አዲሱ የአዲስ አበባ-ጅቡቲ መስመር 1.435 ሜትር ነው። የድሮው ባቡር ሞተሩ ምንም ጤነኛ ቢሆን አዲሱ ሐዲድ ላይ አይሄድም። ድራይቨሩ፣ ማለትም ዊንዶውስ ዕቃውን የሚያሠራበት ፕሮግራም፣ የጠፋበት ዕቃም እንዲሁ ነው፤ ደህና ሆኖ ሳለ መሄጃ አጥቷል። ይህን አጥብቄ የምናገረው ሰዎች ላልሞተ ዕቃ ምትክ እየገዙ ስለማይ ነው።

በእኔ አሠራር ድራይቨር በግምት አይጫንም። መጀመሪያ ዕቃው ራሱ ይጠየቃል። ዲቫይስ ማኔጀርን ከፍቼ ቢጫ ምልክት ያለበትን ዕቃ በቀኝ እጫንና ወደ ፕሮፐርቲስ፣ ከዚያ ወደ ዲቴይልስ፣ ከዚያ ሃርድዌር አይዲስ ወደሚለው እገባለሁ። እዚያ ያለው ረጅም መስመር የዕቃው መታወቂያ ነው። «ቬን» ከሚለው ቀጥሎ ያለው አምራቹን፣ «ዴቭ» ከሚለው ቀጥሎ ያለው ሞዴሉን ይናገራል። 8086 ከሆነ ኢንቴል ነው፤ እ.ኤ.አ. በ1978 ያወጣው የዝነኛው ፕሮሰሰሩ ቁጥር ነው። 1002 ኤኤምዲ፣ 10ዲኢ ኤንቪዲያ፣ 10ኢሲ ሪልቴክ፣ 14ኢ4 ብሮድኮም። ብዙ የሠራ ሰው እነዚህን በቃሉ ይይዛቸዋል።

የላፕቶፑ ጀርባ ላይ የተጻፈው ሞዴል ብቻውን አይበቃም። አንድ ተማሪ የመመረቂያ ጽሑፉ ሊያልቅ ሲል ዋይፋዩ ጠፍቶበት መጣ። ጓደኛው ያው ሞዴል ላፕቶፕ ስላለው ከእሱ የኢንቴል ድራይቨር ገልብጦ ደጋግሞ ጭኗል፤ አልያዘም። መታወቂያውን ስናነብ 14ኢ4 ይላል። አምራቾች ለአንድ ሞዴል የተለያየ ዋይፋይ ካርድ ይገጥማሉና የሁለቱ ላፕቶፖች ሣጥን አንድ ቢሆንም ካርዳቸው የተለያየ ነበር። ትክክለኛው ሲገኝ ሥራው የደቂቃ ሆነ።

ድራይቨሩን ለማውረድ ግን ኢንተርኔት ያስፈልጋል፤ የጠፋው ደግሞ የኢንተርኔቱ ድራይቨር ነው። መውጫው ኪስ ውስጥ አለ። ስልኩን በዩኤስቢ ገመድ ሰክቶ ዩኤስቢ ቴተሪንግ ማብራት ነው፤ ዊንዶውስ 10 እና 11 አብዛኛውን የአንድሮይድ ስልክ ያለ ምንም ጭነት እንደ ኔትወርክ ካርድ ይቀበሉታል። ታዲያ ወዲያው ያንን ግንኙነት «ሜተርድ» ማድረግ አይረሳ። አለዚያ ዊንዶውስ አፕዴቱን ማውረድ ይጀምርና የደንበኛውን ፓኬጅ ሙልጭ አድርጎ ይበላዋል። የሰው ዳታ የሰው ገንዘብ ነው።

ሁሉንም ድራይቨር በአንድ ፋይል ጠቅልለው የሚያቀርቡትን ፕሮግራሞች አልወዳቸውም። ብዙዎቹ ለዕቃው የሚቀርበውን እንጂ የራሱን አይሰጡም፤ አንዳንዶቹም ያልተጠየቀ ፕሮግራም ጭነው ይሄዳሉ። የላፕቶፑ አምራች ገጽ ላይ የሚገኘው፣ ቢያረጅም፣ ይሻላል። እኔ ከቺፕሴቱ እጀምራለሁ፤ እሱ ሲገባ «አንኖውን ዲቫይስ» ከሚሉት ምልክቶች ብዙዎቹ በራሳቸው ይጠፋሉ። የሚቀር ካለም ሁሌ አያሳስብም። አንዳንድ የኤችፒ ላፕቶፖች ላይ የሚቀረው ምልክት ላፕቶፑ ሲወድቅ ሃርድ ዲስኩን የሚያስቆመው የመውደቅ ዳሳሽ ነው። ዲስኩ በኤስኤስዲ ከተተካ ዳሳሹ የሚጠብቀው ነገር የለም።

አሁን አሁን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ገና በመጫኑ ሰዓት የሚያጋጥመው ነው። ከ11ኛው ትውልድ ኢንቴል ወዲህ ባሉ ብዙ ላፕቶፖች ላይ የዊንዶውስ መጫኛው «ዲስክ የለም» ይላል። ዲስኩ አለ፤ ቪኤምዲ በሚባለው የኢንቴል መቆጣጠሪያ ሥር ስለሆነ መጫኛው አያየውም። የኢንቴል ራፒድ ስቶሬጅ ድራይቨርን ዚፑን ፈትቶ ፍላሽ ላይ ማስቀመጥ፣ ከዚያ «ሎድ ድራይቨር» ብሎ ማሳየት ይበቃል። ይህን ባለማወቅ «ኤስኤስዲው ሞቷል፣ አዲስ ግዛ» የተባሉ ሰዎች ወደ እኔ መጥተዋል። ለአዲስ ኤስኤስዲ የምትወጣው ገንዘብ ለአንድ ቤተሰብ ምን እንደምትሠራ የምናውቅ ሰዎች እንዲህ ያለውን ፍርድ ከመስጠታችን በፊት መመርመር አለብን።

በእርግጥ የተበላሸ ዕቃም አለ። ለመለየት ኡቡንቱን ሳልጭነው ከፍላሽ ላይ አስነሳለሁ። ዋይፋዩ እዚያ ከሠራ ዕቃው ጤነኛ ነው፤ እዚያም ከዲቫይስ ማኔጀርም ጭራሽ ከጠፋ ጥርጣሬዬ ወደ ካርዱና ወደ ማገናኛው ይዞራል። በድሬ ሙቀት ደግሞ ሰዓቱንም እጠይቃለሁ። ጠዋት የሚሠራ፣ ቀትር ላይ የሚጠፋ ካርድ ድራይቨር አይፈልግም። አቧራ የደፈነው ማራገቢያ ይጸዳለት፣ ካርዱ ተነቅሎ እንደገና ይሰካ።

የዊንዶውስ 10 ድጋፍ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. ካበቃ ወዲህ ወደ 11 የሚሻገረው በዝቷል። ለዚህ ሰው ከመሻገሩ በፊት የማደርግለት አለ። አሮጌው ዊንዶውስ ገና ሳይነካ ፒኤንፒዩቲል በሚባለው ትእዛዝ የተጫኑትን ድራይቨሮች ወደ ፍላሽ አወጣለሁ። ጊዜ አይፈጅም፤ በኋላ ለጠፋ ሁሉ ፍለጋው ከዚያ ይጀምራል። አሮጌ ፕሪንተር ላላቸው ኮፒ ቤቶች ግን አስቀድሜ እናገራለሁ፦ ዊንዶውስ 11 ባለ 64 ቢት ብቻ ነው፣ ለፕሪንተሩ ባለ 64 ቢት ድራይቨር ካልወጣለት አይሠራም። እንዲህ ያለውን ፕሪንተር ከመጣል አሮጌውን ኮምፒውተር ከኢንተርኔት አላቅቆ ለእሱ ብቻ ማቆየት ይሻላል፤ ፋይሉን ለቫይረስ በተፈተሸ ፍላሽ ማመላለስ ነው።