ካዚሞዶና ዳኛው
የፈረንሳዩ ደራሲ ቪክቶር ሁጎ በ1831 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ.) ባሳተመው «የፓሪስ ኖትር ዳም» በተባለው ልብ ወለድ፣ ደወል ደዋዩ ካዚሞዶ ጐባጣ፣ አንድ ዓይናና አንካሳ ሲሆን ጆሮውንም ደወሉ አደንቍሮታል። ስሙ የዳግም ትንሣኤ እሑድ የላቲን መጠሪያ ነው፤ ተጥሎ የተገኘው በዚያ ዕለት ነበርና። ሕፃንን በዕለቱ መሰየም ለኢትዮጵያ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ ሆኖም ቃሉ «ያህል» የሚል ትርጓሜ ስላለው፣ አሳዳጊው ፍጥረቱ ያልተሟላ መሆኑን ለመግለጽ ሰይሞት እንደ ሆነ ደራሲው ሳይወስን ያልፈዋል።

የመጽሐፉ ኀይል ጐልቶ የሚታየው በችሎቱ ምዕራፍ ነው። ተከሳሹ አይሰማም፤ ዳኛውም አይሰማም፤ ነገር ግን ይደብቃል። የችሎቱ ጸሐፊ ምሕረት ለማስገኘት የተከሳሹን ደንቆሮነት በጆሮው ቢነግረው፣ ዳኛው የሰማ ለመምሰል ቅጣቱን በአንድ ሰዓት ጨመረ። እንግዲህ የአንዱን ጕድለት ሹመት ሲሰውረው፣ የሌላው ግን ቅጣት አበዛበት። ጕድለትን የሚበይነው አካል ብቻ ሳይሆን ማኅበራዊ ሥርዓትም መሆኑን ሁጎ በዚህ አስረድቷል።

ይሁን እንጂ ደራሲው ትምህርቱን እስከ ፍጻሜ አልጠበቀውም። የካዚሞዶ መልካምነት የሚያስደንቀው መልኩ አስፈሪ ሆኖ ስለ ተሣለ ነው፤ ከሚወዳት ከኤስሜራልዳ ጋር የሚገናኘውም በሞንፎኮን የሙታን ጕድጓድ፣ ዐፅም ሆኖ ነው። አንባቢ ያዝንለታል፤ በሕያዋን መካከል ግን እንደ ሰው የሚኖርበት ስፍራ በድርሰቱ አልተሰጠውም።