ቀጥቃጩ ቅድመ አያት

በእኛ በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌዎች ሰባት ቤት ያስቆጥራሉ። ድሮ ርስት ሲጠየቅም ትውልድ በእናትም በአባትም ይቆጠር ነበር። ስንቆጥር ግን ደጃዝማቹን ጮክ ብለን እንጠራለን፤ ሸክላ ሠሪዋን አያት ዘለን እናልፋለን።

ተዋናዩ ፒተር ኡስቲኖቭ በ1977 እ.ኤ.አ. ያሳተመውን «ዲር ሚ» የተባለ ግለ ታሪክ ያነሣሁት ለዚህ ነው። ሰውዬው ሁለት ጊዜ ኦስካር የተሸለመ እንግሊዛዊ ነው፤ በአባቱ እናት በኩል ግን ዘሩ ከአገራችን ይመዘዛል። ቅድመ አያቱ ወለተ ኢየሱስ የጀርመናዊው ሠዓሊ የኤድዋርድ ዛንደርና የአንዲት ኢትዮጵያዊት ልጅ ነበረች። ያገባችው ከአይሁድ ቤተሰብ ተወልዶ ክርስቶስን የተቀበለውን ሞሪትዝ ሆልን ነው፤ በደብረ ታቦር አጠገብ በጋፋት ለአፄ ቴዎድሮስ መድፍ ከሚያቀልጡት አንዱን። መቅደላ በ1868 እ.ኤ.አ. ሲወድቅ ባልና ሚስቱ አገሩን ለቀው በኋላ ያፋ ሰፈሩ። በዚያው ዓመት የተወለደችው ማግዳሌና የፒተር አያት ናት።

የመጽሐፉ ብርታት ደራሲው በዘሩ አለመኮፈሱ ነው። ከራሱ ጋር እየተከራከረ በራሱ ይስቃል። ድክመቱም ከዚሁ ይመጣል፤ ሳቁ ቶሎ ያሻግረናል። ወለተ ኢየሱስ እናት አገሯን ትታ ስትወጣ ልቧ ምን እንዳለ ለመጠየቅ ፋታ አናገኝም።

ከመጽሐፉ ይልቅ የምወቅሰው ግን የእኛን አወራር ነው። ስለ ኡስቲኖቭ ሲነሣ ብዙ ጊዜ የምንሰማው «የነገሥታት ዘር» መሆኑን ነው። እጁ በከሰል የጠቆረው ሆል ይዘለላል። እዚህ ጎጃም ቢወለድ ኖሮ «ቀጥቃጭ» ተብሎ ልጁን የሚያገባ ሰው ይጠፋ ነበር።

ማቴዎስ የጌታን ትውልድ ሲቆጥር ረዓብንና ሩትን አልዘለለም። ወንድሞችና እኅቶች፣ እኛስ? በሚቀጥለው ሳምንት ቤታችሁ ስትገቡ አያታችሁን አንድ ጥያቄ ጠይቁ፦ «ሰባት ቤት ስንቆጥር ስሙን የማንጠራው ማን ነው?» መልሱን ስታገኙ አትፈሩ። ስሙን ጥሩት።